ሦስት ጉርሻ ማር

ገላነሽን ሐረር የሚያውቃት በጥልፏ ነው። በሸዋ በር ገብቶ ወደ መድኃኔ ዓለም በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችን፤ በዚያ ዘመን በከተማው የተዳረች ሙሽራ ሁሉ ቀሚሷ ከዚያች ክፍል ወጥቷል ብል አጋነንሽ የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ይበል። እኔ ጽጌሬዳ በመኪና እሰፋለሁ፣ እሷ በእጇ ትጠልፋለች። ሁለት ባል የሌላቸው ሴቶች አንድ ቤት ሲይዙ የሚወራውን ሁሉ አውርተውብናል። እኔ ለእያንዳንዱ ወሬ መልስ ነበረኝ፤ እሷ ግን ክሯን በምራቋ አርጥባ መርፌው ውስጥ ታስገባለች እንጂ ቀና ብላ አታይም። ዝምታዋን የዋህነት ያደረገ ሰው ግን ተሞኝቷል። ገላነሽ አንዴ የያዘችውን ነገር በሬ ስቦ አያስለቅቃትም።

ግትርነቱ የቤተሰብ ነው። እናት አባቷ ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጓት ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ኪዳነወልድ ናቸው። ሐኪም ጋራ ላይ ንብ ያነቡ ነበር፤ ነጭ ማራቸው ጊደር መጋላ ገበያ ሲደርስ ገና ቅሉ ሳይከፈት ገዢ ይከበዋል። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ከሰው ሐሳብ ይልቅ የራሳቸውን ቃል ያከብራሉ። ገላነሽን በልጅነቷ እንደሻው ለሚባል ወዳጃቸው ዳሯት። እንደሻው ሲጠጣ ይደበድባል፣ ሳይጠጣም ይደበድባል። ሸሽታ ወንድሟ ዘንድ ብትመጣ፣ የባልና የሚስት ጠብ ነው ብለው በቅሎ ላይ አውጥተው መለሷት። ዳግመኛ ስትሸሽ ወደ እሳቸው አልሄደችም። ጀጎል ገባች፣ ከእኔ ጋር ክፍል ተከራየች፣ መርፌ ያዘች። ይህን ሲሰሙ መጥተው በራችን ላይ ቆሙና ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣ "ከእንግዲህ የዚህን ቤት ደፍ ብሻገር የቁልቢው ገብርኤል ይፍረድብኝ" ብለው ማሉ።

ከዚያ ወዲያ ከዐሥር ዓመት በላይ አለፈ። መንገድ ላይ ሲያዩዋት ተሻግረው ይሄዳሉ። መሐላውን የንስሐ አባታቸው በቀኖና ሊፈቱላቸው ይችሉ ነበር፤ ግን ፍቱኝ የሚል ሲኖር አይደል የሚፈታው። እሷም ስለ እሳቸው አታነሣም። አንድ ቀን ብቻ ጥልፏን ይዛ ሳለ፣ "የመለሱኝ ቀን በቅሎዋ ላይ አስቀምጠው ነጠላዬን አስተካከሉልኝ እኮ" አለችኝ። "ያ ጥፋት ነበር ብለው አንዴ ቢነግሩኝ ከጋሼ ሌላ ምንም አልፈልግም።" እኔ የመለስኩላትን እዚህ መጻፍ አይገባም፤ የእሳቸውን ስምና የበቅሎዋን ስም አንድ ላይ ጠርቻለሁ።

ስኳሩ የመጣባት አርባ ዓመት ሳይሞላት ነው። ውኃ ጠጥታ አትረካም፣ በልታ ትከሳለች። ሆስፒታል ሄደን የስኳር በሽታ ነው ተባለ፤ በየቀኑ የሚወጋ ኢንሱሊን ታዘዘላት። መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም። የእኛ ክፍል ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ከቀትር በኋላ አታስቀምጥም፤ ስለዚህ ብልቃጡን ጎረቤታችን ሩቂያ ዘንድ አኖርነው። የሩቂያ ቤት የጥንት የድንጋይ ቤት ነው፣ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ከውኃ ገንቦው ጎን ታስቀምጠዋለች። እኔ ሰው መውጋት ስለምፈራ በየማለዳው መርፌውን ቀቅላ የምትወጋትም እሷ ናት። ሩቂያ "ቢስሚላህ" ትላለች፣ ገላነሽ ታማትባለች፤ በሁለት በኩል ተጠብቀሻል እያልኩ እስቅባት ነበር።

የስኳሩ መብዛትና ማነስ የሚታወቀው በሽንት ነው። አሠራሩን ሽፈራው የሚባል የሆስፒታሉ ድሬሰር፣ የሐኪሞቹ ረዳት፣ አሳያት። በመስተዋት ቱቦ ውስጥ ባለ ሰማያዊ ውኃ ላይ ጥቂት ጠብታ ሽንት ተጨምሮ በእሳት ይፈላል። ስኳር ከሌለ ሰማያዊው እንዳለ ይቀራል፤ ጥቂት ካለ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲጨምር ቢጫ፣ ሲከፋ የሸክላ ቀይ። ጠላፊ አይደለች፣ ለየቀለሙ ክር መርጣ ከቱቦው ጎን እየያዘች ታስተያያለች። "ዛሬ የሠርግ ቢጫ ነኝ" ትለኛለች። ቀይ ሲሆን ግን ክሩን መልሳ ትከትተውና ቀኑን ሙሉ አታወራም።

ልቧ የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። ከጊደር መጋላ ወደ ቤት የምንወጣባት አጭር ዳገት ሦስት ጊዜ ታስቀምጣት ጀመር። ማታ ተጋድማ መተንፈስ ያቅታታል፣ ተደግፋ ታድራለች። ዶክተሩ ደረቷን ረጅም ጊዜ አዳምጠው፣ "በልጅነትሽ መገጣጠሚያሽን አሞሽ ነበር ወይ?" አሏት። አሞኝ ነበር አለች። "ያ በሽታ ልብሽን ነክቶታል። ደም የሚያልፍበት የልብሽ በር ጠቧል።" እሷም ዝግ ብላ፣ "ከአምስቱ የጀጎል በሮች ይጠባል?" አለቻቸው። ዶክተሩ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ እግሯ አብጦ ጫማዋ እንዳልገባላት ጠዋት አይቼ ነበር።

በስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት መባቻ፣ አንድ የውጭ አገር ቀዶ ሐኪም በኅዳር ለጥቂት ቀናት እንደሚመጣ ተነገረን። የጠበበ የልብ በር በጣቱ ከፍቶ ያድናል አሉ። ስሟ ተያዘ፤ ግን በአንድ ውል። ውሉን ዶክተሩ ደጋግመው ነገሩን፦

"ስኳርሽ በዝቶ ቢቀድሽ የደረትሽ ቁስል አይገጥምም፣ ይመግላል፤ ትሞቻለሽ። ስለዚህ ቀይ ካየሁ አላስነካሽም። ደግሞ ሰማያዊ አምጥተሽ ልታስደስቺኝ አትሞክሪ። ሰማያዊ ማለት ስኳሩ በሽንትሽ አልወጣም ማለት እንጂ በደምሽ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረሽ አይነግረኝም። ባዶ ሆነሽ በማደንዘዣ ከተኛሽ ላትነቂ ትችያለሽ። አረንጓዴ አምጪልኝ፣ አረንጓዴሽን ይዤ ለእሱ አስረክብሻለሁ።"

ገላነሽ ግን እንደ ሁሉም ሰው ሰማያዊው ይበልጣል ብላ በልቧ ያዘች። እንጀራዋን ከግማሽ ግማሽ እያደረገች መርፌዋን ሙሉውን ትወጋለች። ሰማያዊ ክር እያሳየችኝ አንድ ሳምንት ኮራች። አንድ ረፋድ ላይ የሙሽራ ቀሚስ ይዛ እንደተቀመጠች መርፌዋ ከእጇ ወደቀ። ቀና ብል ላብ አጥምቋታል፣ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ ስሟን ብጠራት አታውቀኝም። ሩቂያን ጮኼ ጠራኋት። ሮጣ መጥታ ስኳር በጣቷ እያጠቀሰች ድዷን አሸችላት። "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ትላለች እየደጋገመች። ጥቂት ቆይታ ገላነሽ ዐይኗን ገለጠች።

"አቦ ምን ዓይነት በሽታ ነው ይሄ" አለች ሩቂያ ጣቷን በሻሿ እየጠረገች። "ስኳር ገደላት ስንል ስኳር አዳናት።"

ከዚያን ቀን ወዲህ ለአረንጓዴው ሠራች። መርፌዋን በሰዓቱ፣ ምግቧን በሰዓቱ። ሻይ ያለ ስኳር። የሰው ሠርግ ቤት ሄዳ ውኃ ጠጥታ ትመለሳለች፤ ይህን ለማድረግ ስንት ሰው እንዳስቀየመች እኔ ነኝ የማውቀው። በኅዳር ሆስፒታል አስተኟት። ሐኪሙ ሲመጣ ሌሎቹ ታካሚዎች ቀደሟት፤ የእሷ ስኳር ጊዜ ይፈልጋል ተብሎ ለመጨረሻው ቀን አቆዩዋት። በማግስቱ እሱ አውሮፕላን ላይ ነው። ሌላ ቀን እንደሌለ ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ እሷም ታውቅ ነበር።

በዋዜማው ሦስተኛ ቀኗን አረንጓዴ አደረች። ሽፈራው ቱቦውን ብርሃን ላይ ይዞ፣ "ሣር የመሰለ" አለ። ከሰዓት በኋላ ጠያቂ ጎረፈ። ሩቂያ የክፍሉ በር ላይ ቆማ እንደ ኬላ ትፈትሻለች፤ ብርቱካን፣ ብስኩት፣ ሸንኮራ አገዳ ሁሉ እሷ ጋ ይቀራል። ለተሲያቱ የዐስር ሶላት ወደ ቤቷ ስትሄድ ለእኔ አስረከበችኝ። ሩቂያ ከሄደች በኋላ ጋሽ ኪዳነወልድ ገቡ።

ከበር ላይ ቆሙ። ጢማቸው ሸብቷል። በጋቢያቸው ሥር ቅል ይዘዋል። እኔ ከወንበሬ ሳልነሣ፣ "መሐላው ቀረ እንዴ?" አልኳቸው።

"የማልኩት በቤቷ ደፍ ነው" አሉ። "ይሄ የመንግሥት ቤት ነው። እዚህ አልማልኩም። ነገ ይቀዷታል ሲሉ ሰማሁ፤ ሌላ የት አገኛታለሁ?"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ገላነሽ ትራስ ተደግፋ እንደነበረች ናት፤ እጇ ብቻ ብርድ ልብሱን ጨበጠ። እሳቸው ወደ መሬት እያዩ ተናገሩ።

"እንደሻው ዘንድ መልሼ የወሰድኩሽ ዕለት ፊትሽ አብጦ ነበር። አላየሁም ስል ኖርኩ። አይቼዋለሁ። እያየሁ ነው የመለስኩሽ፣ ገላዬ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በይኝ።"

እውነቱን ልናገር፤ እኔም አለቀስኩ። ስጠላቸው የኖርኩት ሰውዬ በአንድ አፍታ አንጀቴን በሉት። ምነው እዚያ ላይ ባበቃ። ግን የእኛ አገር ይቅርታ በቃል ብቻ አያበቃም፣ አብረው ይቀምሱበታል። ቅሉን ከፈቱ፣ ከጋቢያቸው ዳቦ አወጡ፣ ቆርሰው ነጩን ማር አጠቀሱና ወደ አፏ ዘረጉ።

"ጋሼ፣ ማር አይሆንላትም" አልኩ ተነሥቼ። "በሽታዋ ስኳር ነው። ነገ ጠዋት ስኳር ከተገኘባት አይቀዷትም።"

በቁጣ አላዩኝም፤ እንደ ልጅ ነው ያዩኝ። "ስኳር ሌላ፣ ማር ሌላ። ስኳር በጆንያ ከፋብሪካ ይመጣል። ይሄ ንቦቼ ከአበባ የለቀሙት ነው። አባታችን ልቡ የደከመን ሰው የሚያበረቱት በዚህ ነበር።" ወደ እሷ ዞሩ። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው፣ ማሩ በጣታቸው መካከል ይወርዳል። "እጄን ከመለስሽ ይቅርታዬን መለስሽ ማለት ነው። አልቀየምም፤ ግን ልወቀው።"

"ስኳር ነው እኮ የምልዎ" ብዬ ልቀጥል ስል ገላነሽ መዳፏን ወደ እኔ አነሣች። ዝም በይ ማለቷ ነው። አፏን ከፈተችና ተቀበለች።

ወዲያው ግን አልዋጠችውም። ጉንጯ ሞልቶ እንደያዘችው ቁጭ አለች። ዐይኗ እኔ ላይ ነው። ትተፋዋለች ብዬ ተስፋ አደረግሁ፤ እሳቸው ከወጡ በኋላ ትተፋዋለች። እሳቸው ግን አልወጡም። "ይቅር ለእግዜር" እስክትላቸው ይጠብቃሉ። አፍ ሞልቶ ይቅር አይባልም፤ ማሩም እሳቸው እስኪወጡ አይጠብቅም፣ ይቀልጣል። ገላነሽ ዐይኗን ከእኔ ላይ አነሣችና ዋጠች።

"ይቅር ለእግዜር፣ ጋሼ" አለች። "እኔም አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።"

ሽማግሌው ዕንባቸው በጢማቸው ወረደ። ሁለተኛውን ቆረሱ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላላ። ሦስተኛውን በሥላሴ ስም አጎረሷት። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ ግቢውን አያለሁ። ብታነቅ ይሻለኝ ነበር። ስዞር ገላነሽ የወንድሟን እጅ ይዛ ፈገግ ብላለች። በዚያ ሁሉ ዓመት እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም፤ ስለዚህ መናደዴንም የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ከሄዱ በኋላ፣ "ምን ማድረግሽ ነው?" አልኳት።

"ነገ ልሞት እችላለሁ ብለውኛል ዶክተሩ" አለች። "ደግሞ ብድን ወደ ቤቴ ነው የምገባው። ወደ ቤቴ ጋሼ አይመጡም። ዛሬ ካልሆነ መቼ ነበር?"

በማግስቱ ንጋት ላይ ሽፈራው የሽንት ጠርሙሱን አምጥቶ ሲወጣ፣ ቀረብ ብዬ፣ "የእኔን ልሙላልሽ፣ የእኔ ጤነኛ ነው" አልኳት። ነይ ብትለኝ አደርገው ነበር።

"ቢላዋው ሥር የሚተኛው ሽንትሽ አይደለም፣ እኔ ነኝ" አለችና የራሷን ሞላች።

ሽፈራው ቱቦውን አፈላው። አረንጓዴውን አለፈ፣ ቢጫውን አለፈ፣ ሸክላ ሆነ። ተሳስቼ ነው ብሎ እንደገና አፈላ። እንደገና ሸክላ። ገላነሽ አልጋዋ ላይ ሆና አየችውና፣ "ክር አያስፈልገውም" አለች። ዶክተሩ ተጠርተው መጡ። ምን በላሽ ሲሏት ማር አለች። ማን ሰጠሽ ሲሏት ራሴ ነኝ የበላሁት አለች። እኔ ዶክተሩን እጃቸውን ያዝኳቸው። መርፌ ጨምረው አሁን ቢያወርዱላትስ ብዬ ለመንኳቸው።

"አወርደዋለሁ" አሉ፤ ድምፃቸው ደክሟል። "የት ድረስ እንደወረደ ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማወቂያ የለኝም። ቤቷ ስትወድቅ ላቧን አይታችሁ አወቃችሁ። ተኝታ ደረቷ ተከፍቶ ሲወርድባት ማን ይነግረኛል? ቢበዛም ይገድላታል፣ ቢያንስም ይገድላታል። ይህችን ልብ ስኳሯን ሳላውቅ አላስከፍትም።"

ፈረንጁ መጥቶ አያት፣ ቱቦውን አየ፣ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ አንድ ነገር ተናገረ። በዓመቱ እመለሳለሁ፣ የመጀመሪያዋ ትሆናለሽ ማለቱ ነው አሉን። በእሷ ተራ ከገጠር የመጣ አንድ ወጣት ገበሬ ገባ። ድኖ በእግሩ ወደ አገሩ ሄደ፤ እግዜር ያቆየው፣ እሱን አልጠላም።

ወደ ቤት ስንመለስ እኔንና ሩቂያን አስማለችን። ጋሼ ይህን እንዳይሰሙ። ሩቂያ "ወላሂ" ብላ ማለች፣ እኔ በመድኃኔ ዓለም ማልኩ። በመማሌ የተጸጸትኩት ግን ወዲያው ነው። ጋሽ ኪዳነወልድ፣ ሐኪሞቹ ሳይቀዷት መለሷት ሲባል ሰምተው፣ ማሬ ልቧን አሽሎት ቢላዋውን አስቀረላት እያሉ በጊደር መጋላ አወሩ። ሰው እየመጣ ለልብ ድካም የሚሆነውን ማር ይጠይቃቸው ጀመር። እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ፣ ገላነሽ ወደ ጥልፏ ታቀረቅራለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማር ይዘው ይመጡ ነበር። ወደ ውስጥ ግን አይገቡም፤ መሐላው ገና አለ። ከደፉ ውጭ መቀመጫ ዱካ አወጣላቸዋለሁ፣ እሷ ከደፉ ውስጥ ትቀመጣለች፣ እንዲህ ሆነው ያወራሉ። አሁን እንዳያጎርሷት ሆዴን አሞኛል እያለች ቅሉን ብቻ ትቀበላቸዋለች፤ ማሩን ለሩቂያ ልጆች እንሰጣለን። እሷ የምትስቀው ቅዳሜ ብቻ ነበር። በሌላው ቀን ትንፋሽ ትፈልጋለች። እብጠቱ ከእግሯ ወደ ሆዷ ወጣ። መርፌ መያዝ አቃታት፣ የመጨረሻው ቀሚስ አንገቱ ሳይጠለፍ ቀረ። ለፋሲካ ሳንደርስ አንድ ማለዳ ሩቂያ መርፌውን ቀቅላ ስትመጣ ገላነሽ ትራሷን እንደተደገፈች አርፋለች።

ጋሽ ኪዳነወልድ ያንን ደፍ የተሻገሩት ያን ቀን ነው፤ ሬሳዋን ሊያወጡ።

ከአርባዋ በኋላ እንደገና መጡ። ገቡና በእሷ ዱካ ላይ ተቀመጡ። መኪናዬን አቆምኩ። ይህን ቀን ስጠብቀው ነበር። ሙታን ይቅር ይሉኛል፣ መሐላም በቀኖና ይፈታል፣ ለእኚህ ሰውዬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። እሳቸው ደግሞ ሳልጀምር ቀደሙኝ።

"ጽጌሬዳ፣ ያን ቀን ማር አይሆንላትም ብለሽኝ ነበር። ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል። እውነት ነበር ወይ?"

ይህን እየጠየቁ እጃቸው ልማዱን ያደርጋል፤ ቅሉ ተከፍቷል፣ ዳቦው ተቆርሷል። ለእህታቸው ስለሆንኩላት ሊያመሰግኑኝ ነው። ማር የነካ እጃቸው አፌ ዘንድ ቆሟል። በዚያ እጅ ላይ አፌን ዘግቼ እውነቱን ልናገር፣ ወይ ተቀብዬ ዝም ልበል። ገላነሽ ያን ቀን እንዴት እንደነበረች ያወቅሁት ያኔ ነው።

ተቀበልኩ። ነጭ ማር ነው፣ የጥቅምት አበባ ይሸታል። ይጠብቁኛል። ዋጥኩት።

"አይ ጋሼ" አልኳቸው። "ዕድሜዋ ነው።"

ትከሻቸው ወረደ፣ ተነፈሱ። ከዚያ ሁለተኛውን ቆርሰው አጠቀሱ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላላ።